በተራራ ላይ ሊሠራ ስለታሰበ ሪዞርት፦ ሰነዶቹን በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ጠይቁ

ጥያቄ፦ «የምኖረው በደሴ ዙሪያ ባለ አንድ ተራራማ ቀበሌ ነው። ከመንደራችን በላይ በወል ግጦሽና በደን በተያዘው ቦታ ላይ ሪዞርት ሊሠራ ነው ተብሎ ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለዋል። ቀበሌውን ስንጠይቅ ‹ከላይ የተወሰነ ነው› ተባልን፤ ከተማ አስተዳደር ስንሄድ ደግሞ ሰነዱ የባለሀብቱ ምስጢር ስለሆነ እንደማይሰጥ ነገሩን። ባለሀብቱ ለቅሬያችን (ለእድራችን) ድንኳንና ወንበር ገዝቶ ሰጥቷል፤ ‹ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል› የሚል ወረቀት እንዳለም እንሰማለን። አንድ አልሚ ይህን ያህል ተሰሚነት እንዴት ያገኛል? መንግሥትስ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከእኛ የመደበቅ ሥልጣን አለው ወይ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ የሁለቱም ጥያቄዎችዎ አጭር መልስ የሚከተለው ነው። አልሚው ተሰሚነቱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በጉቦ ሳይሆን ከሁሉም ቀድሞ በመድረሱና መረጃው ሁሉ በእርሱ እጅ ስለሚቆይ ነው። መንግሥት ደግሞ የአንድን ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ፕሮጀክቱ ከሚነካው ሕዝብ የመደበቅ ሥልጣን የለውም፤ ይልቁንም ጥናቱን ለሕዝብ ክፍት የማድረግና አስተያየት የመሰብሰብ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። እርስዎ የገጠመዎት ድብቅነት ከሕጉ የመነጨ ሳይሆን በአሠራር የተለመደ ነገር ነው፤ ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው፣ ልማድን በጽሑፍ በቀረበ ጥያቄ መሞገት ስለሚቻል ነው።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የፕሮጀክቶችን የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ሰነዶች በማዘጋጀትና በመመርመር ነው። የእርስዎን ፕሮጀክት ፋይል ስላላየሁ ፕሮጀክቱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አልልም። ሪዞርት በራሱ ጠላት ነው ብዬም አላምንም፤ ሐይቅንና አርዲቦን፣ ቦሩ ሜዳን፣ የጎፍን ደን የያዘ አካባቢ ከእንግዳ እንጀራ ሊበላ ይገባዋል። ነገር ግን መሬቱ አንድ ጊዜ በሊዝ ከተሰጠ ውሳኔው ትውልድ የሚሻገር ይሆናል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ እስከ 70 ዓመት እንዲያዝ ይፈቅዳል። የልጅ ልጆቻችሁ ሳይቀር የሚኖሩበት ውሳኔ ወረቀቱን ሳታዩት ሊጸድቅ አይገባም።

ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ስለ ፕሮጀክቱ ከመከራከራችሁ በፊት ሰነዶቹ የተጻፉበትን ቀን አሰልፉ። እንዲህ ባለ ጉዳይ የተጻፈውን ቃል ማሳመር ቀላል ነው፤ የደብዳቤ ገቢና ወጪ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ግን በመዝገብ ቤት ውስጥ ይቀራሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር እንደማይችል ይደነግጋል። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 3 ላይ፣ የኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም የንግድ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የአካባቢው ፈቃድ መገኘቱን እንዲያረጋግጥ ታዟል። እንግዲህ ሕጉ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ የሕዝብ አስተያየትና ምርመራ፣ ከዚያ የአካባቢ ፈቃድ፣ በመጨረሻ ሌላው ፈቃድ ሁሉ።

በተግባር የማየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሹ ነው። አልሚው በመጀመሪያ ያማረ ሥዕላዊ ንድፍ ይዞ ወደ አንድ የበላይ ኃላፊ ይቀርባል፤ ኃላፊው ሐሳቡን ወዶ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ያ ደብዳቤ በራሱ ፈቃድ አይደለም፤ ነገር ግን በግልባጭ የደረሰው እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። የኢንቨስትመንት መምሪያው በእርሱ መነሻነት ፈቃድ ይሰጣል፤ የመሬት መምሪያው ቦታውን ያስለካል፤ ችካል ይተከላል፤ ሳይት ፕላን ይወጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ለባንክ ብድር ወይም ለግንባታ ፈቃድ አንድ ወረቀት ጎድሏል ተብሎ ነው። ያን ጊዜ ጥናቱን የሚመረምረው ባለሙያ የሚጠየቀው «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ተብሎ አይደለም፤ የተወሰነውን እንዲያጸድቅ ብቻ ነው። እርስዎ ችካል ተተክሎ ማየትዎን ጽፈዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ይህ ልኬት በየትኛው ደብዳቤ፣ በየትኛው ቀን ታዘዘ? የአካባቢ ፈቃዱስ የተሰጠው መቼ ነው?» የሚል ይሁን። የልኬቱ ትእዛዝ ከአካባቢ ፈቃዱ ቀድሞ ከተገኘ፣ ውሳኔው ጥናቱን ሳይጠብቅ እንደተሰጠ የሚያሳይ የመጀመሪያውን ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የቢሮክራሲ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በደሴ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል በወረደ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። የመሬት መንሸራተት የአካባቢው የቆየ ችግር መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ደጋግመው አጥንተው ጽፈውታል። ምክንያቱም ይታወቃል። ተራሮቹ የተሠሩት በጊዜ ብዛት ከተሰነጣጠቀና ከበሰበሰ የባዛልት አለት ነው፤ ግርጌያቸው ደግሞ ከላይ ተንዶ በተከማቸ ልል አፈርና ድንጋይ የተሸፈነ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውኃ ወደዚህ ልል አፈር ሲሰርግ ክብደቱ ይጨምራል፤ አፈሩን ከአለቱ ጋር አጣብቆ የያዘው ኃይልም ይዳከማል። ቦርከናና ገባሮቹ የተዳፋቱን እግር ከሥር ይበሉታል፤ ሰው ደግሞ ለመንገድና ለቤት ሲቆርጠው ተዳፋቱ ደጋፊውን ያጣል።

ሪዞርት በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቡት። ተሽከርካሪ የሚያወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ይቆረጣል፤ ለሕንፃው ሜዳ ለመፍጠር ከላይ ተቆፍሮ ወደታች ይደፋል፤ የፍሳሽ ማጠራቀሚያና ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የሣር መስክ በበጋም ውኃ ይጠጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም አንድም ክብደት ይጨምራሉ፣ አንድም ውኃ ያሰርጋሉ፣ አንድም የተዳፋቱን እግር ይነሳሉ፤ ከሥር ደግሞ መንደር አለ። በዚያ ላይ የምንጮች ጉዳይ አለ፤ ከተራራው ወገብ የሚፈልቀውን ምንጭ አልሚው ወደ ማጠራቀሚያው ከጠለፈው፣ ከሥር ጀሪካን ይዘው የሚጠብቁ እናቶች የሚያገኙት ውኃ ይቀንሳል። ታችኛው የቦርከና ክፍልም መታሰብ አለበት፤ ወንዙ ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል፤ እዚያም የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚቀበሉት ከሌዮሌና ከወርቃ የሚመጣው ሲጨመርበት ወደ ጨፋ ሜዳና ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋጅ 299 ተጽዕኖ ሲገመገም የቦታው ሁኔታ፣ ከሌሎች ጋር ተደምሮ የሚያስከትለው ውጤትና ጉዳቱ የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑ እንዲታይ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥናቱን ስታገኙ ቀጥታ የምትሄዱት ወደ ሁለት ክፍሎች ይሁን። አንደኛው የቦታ አማራጮች የተነጻጸሩበት ክፍል ነው። ቦታው ከጥናቱ በፊት ተወስኖ ከሆነ ይህ ክፍል ራሱን ያጋልጣል፤ ሌሎቹ ቦታዎች ስም እንኳ ሳይሰጣቸው በሁለት መስመር ይታለፋሉ። ሁለተኛው የአፈርና የተዳፋት ጥናት ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ናሙና ተወስዷል ወይ? በየትኛው ወር? በጥር የተለካ የከርሰ ምድር ውኃ መጠን ስለ ነሐሴ የሚናገረው ጥቂት ነው። የመስክ ሥራው የተሠራበት ወር ያልተጻፈበት የተዳፋት ጥናት ካጋጠማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይህ ማንኛውም ሰው ሊጠይቀው የሚችል፣ ባለሙያም በአግባቡ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ለደሴ ያለው ትርጉም ስለሚሰማኝ ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠቅላይ ግዛት ጃምቦ ግሌሸር በሚል ስም በተራራ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ለመገንባት የታቀደ ፕሮጀክት ነበር። ክቱናሃ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ቦታው የተቀደሰ ነው ብለው ተቃወሙ፤ በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ሌሎች ሰዎችም አብረዋቸው ቆሙ። ፕሮጀክቱ በ2004 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ፈቃድ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የልማት ስምምነት አገኘ። በዚያው ዓመት የግዛቱ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ አንድም ነዋሪ በሌለበት ተራራ ላይ ማዘጋጃ ቤት አቋቋመ፤ ከንቲባውና የምክር ቤቱ አባላትም በምርጫ ሳይሆን በመንግሥት ሹመት ተቀመጡ። ይህ የሆነው በድብቅ እንኳ አልነበረም፤ አልሚው የሚፈልገው የአስተዳደር ቅርጽ በሕግ እንዲበጅለት ተደረገ። የአካባቢ ፈቃዱ ሊያበቃ ሲል በ2014 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ላለማጣት በችኮላ የኮንክሪት መሠረት ፈሰሰ፤ በኋላ ሲጣራ ግን የተጣሉት መሠረቶች የበረዶ ናዳ በሚወርድበት መስመር ላይ ሆነው ተገኙ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ሚኒስትሯ ፕሮጀክቱ በበቂ ሁኔታ አልተጀመረም ብለው ስለወሰኑ ፈቃዱ አበቃ። ክቱናሃዎች በሃይማኖት ነጻነት መብት ያቀረቡት ክስ በ2017 እ.ኤ.አ. በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሸነፍም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረሰ ስምምነት ፕሮጀክቱ ለዘለቄታው ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ባለሙያና ገንዘብ ባልጠፋበት አገር እንኳ የፈቃድ ሩጫ የናዳውን መስመር ማየት ከለከለ፤ መሠረቱ የት እንደተጣለ የወሰነው የተራራው ባሕርይ ሳይሆን የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ነበር። ሁለተኛው፣ ፕሮጀክቱ የወደቀው በትልቁ የመብት ክርክር ሳይሆን በቀንና በፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት ሰነድ እያገላበጡ፣ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ቅድመ ሁኔታ እየመዘገቡ ባይቆዩ ኖሮ ያን ቀን የሚያስታውስ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ተሰሚነቱ ልመለስ። አልሚው ተሰሚ የሚሆንባቸው መንገዶች ብዙዎቹ በሕግ ወንጀል አይደሉም፤ ለመቆጣጠር የሚያስቸግሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የአፈጻጸም ሪፖርት ነው። የአንድ ኢንቨስትመንት መምሪያ ዓመታዊ ሥራ የሚመዘነው ፈቃድ በወሰዱ ባለሀብቶች ብዛትና ባስመዘገቡት ካፒታል ከሆነ፣ «ቆይ፣ ይጠና» ያለ ባለሙያ የመምሪያውን ውጤት ዝቅ ያደረገ ተደርጎ ይታያል። ሁለተኛው ጥናቱን የሚከፍለው አልሚው ራሱ መሆኑ ነው። አዋጁ ወጪውን በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ መጣሉ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ሊከፍል አይገባውምና። ነገር ግን አማካሪ ድርጅቱን የሚመርጠውም፣ ክፍያውን በየደረጃው የሚለቀውም፣ ረቂቁን አስቀድሞ የሚያነበውም አልሚው ስለሆነ፣ «ይህ ቦታ አይሆንም» ብሎ የሚደመድም አማካሪ ቀጣይ ሥራ የማግኘቱ ነገር አጠራጣሪ ነው። እንዲህ ብሎ የጻፈ አማካሪ ሳገኝ አከብረዋለሁ፤ በቁጥር ግን ጥቂቶች ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ የመርማሪው መሥሪያ ቤት ድህነት ነው። የመስክ መኪናና አበል የሌለው ባለሙያ ቦታውን የሚያየው በአልሚው መኪና፣ አልሚው በመረጠለት መንገድ፣ ከአልሚው ጋር ምሳ በልቶ ነው። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ያላየውን ግን ሊጽፍ አይችልም።

መዋቅሩም አንዳንድ ጊዜ ይህን ችግር ያባብሰዋል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአንድ ወቅት ጥናቶችን የመመርመር ሥልጣኑን ልማቱን ለሚመሩት የዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ልማቱን እንዲያስፋፋ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የልማቱን ጉዳት እንዲመረምር ማድረግ፣ መርማሪዎቹ የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ ተከሳሽን ዳኛ ማድረግ ነው። በእናንተ ጉዳይ ጥናቱን የሚመረምረው ክፍልና ባለሀብቱን የሚያስተናግደው ክፍል በአንድ ኃላፊ ሥር ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ማጣራት ተገቢ ነው።

ለቅሬው ስለተሰጠው ድንኳንና ወንበር ጠቅሰዋል። ስጦታው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ቅሬያችሁም መቀበሉ አያሳፍረውም። ጥፋቱ የሚመጣው የርክክቡ ቀን የተፈረመው ወረቀት ከፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ የስምምነት ፊርማ ሆኖ ሲገኝ ነው። ለሻይና ለውሎ አበል የተፈረመ የስም ዝርዝር «ተሳታፊዎች ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ አባሪ ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ። ትክክለኛ የምክክር ቃለ ጉባኤ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተመለሰለት፣ ማን እንደተቃወመ ይዟል። ተቃውሞ አንድም ቦታ ያልተጻፈበትን ቃለ ጉባኤ በጥርጣሬ እዩት። በስብሰባው ላይ እነማን እንዳልነበሩም ተመልከቱ፤ ግጦሹ ላይ ከብት የሚያሰማራው እረኛ፣ ማገዶ የምትለቅመው ሴት፣ ምንጩን የሚጠቀመው የታችኛው መንደር ነዋሪ ካልተጠሩ፣ የቅሬ ዳኞች ፊርማ ብቻውን እነርሱን አይወክልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፕሮጀክቶች በቀጥታ የሚነኩት ሕዝብ በዕቅድም በአፈጻጸምም ሐሳቡን እንዲገልጽ ይጠይቃል። የአዋጅ 299 አንቀጽ 15 ይህን ወደ ሥራ ያወርደዋል፤ የአካባቢው መሥሪያ ቤት ጥናቱን ለሕዝብ ተደራሽ ማድረግ፣ አስተያየት መሰብሰብና በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት መካተቱን ማረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ «ምስጢር ነው» ለሚለው መልስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም መረጃ የማግኘት መብቱ እንዳለ ቀጥሏል። አዋጁ የተለዩ ጥበቃዎች አሉት፤ ከእነርሱም አንዱ የሦስተኛ ወገን የንግድ መረጃ ነው። ይህ ጥበቃ የአልሚውን የባንክ ሁኔታ፣ የትርፍ ስሌቱን፣ ከሆቴል አስተዳዳሪ ድርጅት ጋር የሚደራደርበትን ዋጋ ሊሸፍን ይችላል፤ እነዚህን መጠየቅ ለእናንተም ጥቅም የለውም። የተዳፋት ጥናት፣ የውኃ ምንጭ አጠቃቀም፣ የመሬቱ ስፋትና ወሰን፣ የምክክሩ ቃለ ጉባኤ ግን በየትኛውም ሚዛን የንግድ ምስጢር ሊሆኑ አይችሉም። በዚያ ላይ አዋጁ ሚዛን አስቀምጧል፤ መረጃው ይፋ በመሆኑ ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ከበለጠ መከልከል አይቻልም። የካቢኔ የውስጥ ውይይት የተለየ ጥበቃ ስላለው ሊከለክሏችሁ ይችሉ ይሆናል፤ የካቢኔው ውሳኔ ራሱ ግን በእናንተ መሬት ላይ የሚፈጸም ስለሆነ ተደብቆ ሊፈጸም አይገባም።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተባለ «አይሰጥም» ይግባኝ የማይባልበት መልስ ነውና። ማመልከቻውን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አቅርቡ፤ በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። «ስለ ሪዞርቱ መረጃ ይሰጠን» ማለት አይበቃም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ገጽ አጠቃላይ መልስ ይዘጋል። የድጋፍ ደብዳቤውን፣ የኢንቨስትመንት ፈቃዱን፣ የልኬት ትእዛዙን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን ሙሉ ቅጂ ከነአባሪዎቹ፣ የአካባቢ ፈቃዱን ከነቅድመ ሁኔታዎቹ፣ የምክክሩን ቃለ ጉባኤ በስማቸው ጠይቁ፤ የእያንዳንዱ ቀንና ቁጥር እንዲገለጽ ጨምሩበት። ሰነዱ የሌለ ከሆነ «የለም» ተብሎ በጽሑፍ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ችካል ተተክሎ የአካባቢ ፈቃድ «የለም» የሚል ደብዳቤ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ይናገራል። አዋጁ ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣራ አንድ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው ረዘም አድርጌ ልግለጸው። ችካሉ የተተከለበት ቦታ በከተማ አስተዳደሩ ወሰን ውስጥ ነው ወይስ በደሴ ዙሪያ ወረዳ የገጠር መሬት ነው? የገጠር ከሆነ የሚገዛው በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 ነው፤ የወል ይዞታም በዚያ ሥር መዝገብ አለው። ከተማ ውስጥ ከሆነ የሊዝ ሕግ ይሠራበታል። በሊዝ አዋጁ መሠረት ቦታ በመርሕ ደረጃ የሚሰጠው በጨረታ ነው፤ በምደባ የሚሰጠው ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ ልዩ አገራዊ ፋይዳ አለው ተብሎ ለካቢኔ የተመራ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ «በጨረታ ነው የተሰጠው? ማስታወቂያው መቼ ወጣ? በምደባ ከሆነስ ልዩ ፋይዳው ምን ተብሎ ተጻፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተሰሚነትና ድብቅነት የሚገናኙበት ዋናው በር ደግሞ በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ድንበር ነው። የገጠሩ የወል መሬት በመጀመሪያ ወደ ከተማው ፕላን ይካለላል፤ ከዚያ በከተማ ስም ለአልሚው ይተላለፋል። በከተሞች ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ ሊመክርበት ይገባል። ስለሆነም የወሰን ማስፋፊያው ውሳኔ የተሰጠበት ቀን ከአልሚው ማመልከቻ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው፣ ወሰኑ የተሰፋው ለከተማዋ ዕድገት ይሁን ለአንድ ሰው ፕሮጀክት ይነግራችኋል።

ስለ ካሳ በአጭሩ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 1336 የተሻሻለው፣ ለወል መሬትም ካሳ እንደሚገባ ያውቃል። የመጀመሪያው አዋጅ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግ፣ ለልማት በተከለለው ቦታ ውስጥ ያሉ ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው ቅድሚያ የማልማት መብት እንዲኖራቸው አስቀምጧል። ሕጎቹ ስለሚሻሻሉ ከማመልከታችሁ በፊት የቅርብ ጊዜውን ጽሑፍ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመልከቱ። ቅድሚያ የማልማት መብቱን ግን አቅልላችሁ አትለፉት። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ የጓሳውን መሬት በጋራ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ዛሬ በማኅበረሰቡ ስም እንግዳ ይቀበላል፤ ለእናንተ ተራራም ከአንድ ባለሀብት ሌላ አማራጭ መኖሩን ለማሳየት ይህ በቂ ነው።

አንድ ሌላ ስጋት ደግሞ አስቀድሜ ላንሳ። ፍርድ ቤት ወይም ቢሮ ስትሄዱ «እናንተ ምን ጉዳት ደረሰባችሁ? በስማችሁ ይዞታ አላችሁ?» ልትባሉ ትችላላችሁ። በአሜሪካ ዋልት ዲዝኒ በካሊፎርኒያ ሚነራል ኪንግ በተባለ ሸለቆ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት ለመሥራት ባቀደ ጊዜ ሲዬራ ክለብ የተባለ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የራሱን ወይም የአባላቱን ጉዳት አላሳየም ብሎ ክሱን አልተቀበለውም። ሸለቆው የተረፈው በ1978 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ ፓርክ ሲጠቃለል ነው። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱን ጥቅም ማሳየት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ስለዚህ ይዞታ የሌለው የከተማ ነዋሪም፣ መምህርም፣ ከእናንተ በታች ኮምቦልቻ የሚኖር ሰውም ከእናንተ ጋር ሊፈርም ይችላል።

ስለ አነጋገራችሁ አንድ ማሳሰቢያ። ማስረጃ ሳትይዙ የማንንም ስም በሙስና አታንሱ፤ ክርክሩ ከተራራው ወደ ስም ማጥፋት ይዞራል፤ የጠየቃችሁትም ሰነድ ይረሳል። ውሳኔ ሰጪው ከአልሚው ጋር የጥቅም ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ነገር ካገኛችሁ፣ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የጥቅም ግጭትን የሚመለከት ግዴታ ስለሚጥል፣ ቦታው የክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ባለሙያዎችም ካላችሁ፣ የጥቆማ አቅራቢዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለ ላስታውሳችሁ።

ጊዜውን ግን አትርሱት። ጥናቱ ያለ በቂ ምክክር ጸድቆ ካገኛችሁት፣ በአዋጅ 299 አንቀጽ 17 መሠረት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቤት በሉ፤ ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ ሊወስን ይገባዋል። በአዋጅ 300 ለመሥሪያ ቤቱ ላቀረባችሁት አቤቱታ በ30 ቀን መልስ ካላገኛችሁ ወይም በመልሱ ካልተስማማችሁ ደግሞ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ትችላላችሁ። ዝም ብትባሉም 60ው ቀን መቆጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ማመልከቻውን ያስገባችሁበትን ቀን፣ 30ኛውን ቀንና ከዚያ በኋላ ያለውን 60ኛ ቀን ከቅሬው ጸሐፊ መዝገብ ላይ ዛሬውኑ አስጽፉ፤ በኮሚቴያችሁ ውስጥም ቀኖቹን የሚከታተል አንድ ሰው በስሙ መድቡ።